የእትዬ ካስክ ቃሪያ አይነቀልም

«እትዬ ካስክ» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ያወጣው ሰው ዕድሜውን ስለሚወድ ይመስለኛል ዝም ያለው። ሴትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ የሴቶች ፀጉር ቤት ነበራት። ደንበኞቿ ፀጉራቸውን በቢጉዲን ጠቅልለው፣ ካስኩን ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው ሲቀመጡ ጆሯቸው በሙቅ አየር ይደነቁራል፤ ሐሜቱ ደግሞ መድረስ አለበት። እሷ እየጮኸች ታደርስ ነበር። አሁን ፀጉር ቤቱም ተዘግቷል፣ ካስኩም ተሸጧል፣ ድምፁ ግን እንዳለ አለ። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና ለጎረቤቷ «ጠጋ በይ፣ ምስጢር ነው» ስትል ምድር ቤት ያለነው መስኮት መክፈት አያስፈልገንም።

ሌላው ጠባይዋ፣ አንቱታ አይሆንላትም። «እርስዎ» ያላትን ሰው «ለሬሳ ሳጥን ልኬን እየወሰድክ ነው?» ትለዋለች። ስለዚህ ሁላችንም ለአክብሮቱ «እትዬ»፣ ለሰላማችን ደግሞ «አንቺ» እንላታለን። እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ያላት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር። አክብሯት አይደለም። እንደሚያናድዳት ስለሚያውቅ ነው።

ጠባቸው የተጀመረው በቃሪያ ነው።

ጉልበቷ አልቆምም ብሏት ፀጉር ቤቱን ስትዘጋ ሰዉ ሁሉ እቤቷ ተቀምጣ የምታረጅ መስሎት ነበር። እሷ ግን ከሕንፃው ጀርባ፣ በውሃ ታንከሩና በአጥሩ መካከል ያለችውን ጥግ ዓይኗ ውስጥ አስገባቻት። እዚያ ምን የማይጣል ነበር? የተሰነጠቀ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ የደረቀ ቀለም ቆርቆሮ፣ እግር የሌለው ወንበር። በዚያ ጉልበቷ እየተሳደበች ጠረገችው። ሰው ላይ ሲሆን ነው እንጂ የሚከፋው፣ ስድብ ብርታት ይሰጣል። ከዚያ የፀጉር ማጠቢያ ገንዳዎቿን አስጭና አመጣች። ደንበኛ አንገቷን የምታስደግፍበት ጎድጓዳ ያላቸው፣ ከሥራቸው የውሃ መውረጃ የተበጀላቸው ነጫጭ ገንዳዎች። አፈርና ፍግ ሞላችባቸውና ቃሪያ ተከለች። መውረጃው ለቃሪያው የተሠራ ይመስል ነበር፤ ቃሪያ ሥሩ ላይ ውሃ ከቆመበት ይታፈናል። ችግኞቹ አድገው በጎድጓዳው በኩል ዘንበል ሲሉ ሻምፑ የሚጠብቁ ሴቶች መሰሉ።

ቃሪያው ሲደርስ አልሸጠችውም። በጠባይ ነው ያከፋፈለችው። የጥበቃው ሽማግሌ ያገኛል፣ ምክንያቱም በሩን ሳይነጫነጭ ይከፍትላታል። እኔ ወሬ ይዤ የሄድኩ ቀን አገኛለሁ፤ ወሬው የከረመ ከሆነ ቃሪያውም ትንሽ ይሆናል። የሊቀመንበሩ ባለቤት በመስኮት በኩል በድብቅ ታገኛለች። ሊቀመንበሩ አያገኝም። በስብሰባ ላይ ገንዳዎቹን «ቆሻሻ» ብሏቸዋልና ጥርሷን ነክሳበታለች።

እሱ በበኩሉ ጥጓን የሚፈልጋት ለሌላ ጉዳይ ነበር። መኪና ገዝቷል። መኪናው እንደ ጌታው ሆዱ ገፋ ያለ ነው፤ በተመደበለት ቦታ ሲቆም አፍንጫው መንገድ ላይ ይቀራል። እትዬ ካስክ የጠረገቻት ጥግ ደግሞ፣ እንዴት ያለ አጋጣሚ ነው፣ ልክ አንድ ሆዳም መኪና ታስገባለች።

አንድ ቀን ቃሪያዎቹ ታመሙ።

ለጋ ቅጠሎቹ መዘርጋት አቃታቸው። እንደ ክር ቀጠኑ፣ ዳርና ዳራቸው ወደ ውስጥ ተጠቀለለ፣ የቅጠሉ ጅማቶች ተጠጋግተው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቆሙ። ቀንበጡ ራሱ እንደ ቡሽ መክፈቻ ተጠማዘዘ። ከታች ያሉት የቆዩ ቅጠሎች ግን ሰፊ፣ ልሙጥ፣ ምንም ያልሰሙ ይመስሉ ነበር። ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ «ውሃ በዝቶበት ነው» አለች፤ ሌላዋ «ውሃ አንሶት ነው» አለች፤ ሁለቱ በዚህ ተኳርፈው ደረጃ ላይ መተላለፍ አቆሙ።

ሊቀመንበሩ ስልኩን ሲነካካ ዋለና ነዋሪውን መግቢያው አዳራሽ ሰበሰበ።

«ቫይረስ ነው» አለ። «ተላላፊ ነው። እኔ ደጃፍ ያለው ጽጌረዳ ላይ ሳይቀር ደርሷል፤ ቅጠሉ እንዲሁ ተጨራምቷል። ነገ በእያንዳንዳችሁ በረንዳ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ድረስ ቃሪያዎቹ ተነቅለው ገንዳዎቹም ይነሱ። ቦታው ለጊዜው ለመኪና ማቆሚያ ይውላል።»

«ለጊዜው» ሲል ዓይኑ በመስታወቱ በኩል መኪናውን ሲዳብስ አይቼዋለሁ።

እትዬ ካስክ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። «ማንም ሰው ራሱን አሳከከው ተብሎ አይላጭም» አለች። «መጀመሪያ ፀጉሩ ከፈል ከፈል ተደርጎ ይታያል።»

«እርስዎ የፀጉር ባለሙያ እንጂ የዕፅዋት ባለሙያ አይደሉም።»

«አንተስ የምንድን ነህ? ልንገርህ፣ ቃሪያዬ አይነቀልም። ቅዳሜ ከመጣህ እዚያው ታገኘኛለህ።»

ስብሰባው ተበተነ፤ እኛም የቅዳሜን መዝናኛ አግኝተን ወደየቤታችን ገባን።

በማግስቱ ጠዋት ጠራችኝና ወረድኩ። ነጭ ፎጣ አስያዘችኝ። ፎጣውን ከቀንበጡ ሥር እንድዘረጋ አድርጋ ቅርንጫፉን ረገፍ ረገፍ አደረገችው። «ቅማል ያለበት ራስ ነጭ ነገር ላይ ሲራገፍ ራሱን ያጋልጣል» አለች። የወደቀው አቧራና አንድ የጠፋች ጉንዳን ብቻ ነበር። ከዚያ ቅንድብ ስትቀነድብ ትጠቀምበት የነበረውን አጉሊ መስታወት ከቅጠሉ ሥር አስገባች፤ ጎንበስ ሳትል የቅጠሉን ጀርባ በመስታወት አነበበችው። ቅጠል የሚመጥ ክሽክሽ የለም። ነጭ ዝንብ የለም። በጣቷ ዳሰሰችው፤ አይጣበቅም። «ክሽክሽ ቢኖር ማር እንደነካው ያጣብቀኝ ነበር። ቀለሙንም እየው። ቫይረስ ሲይዘው አረንጓዴና ቢጫ ይዥጎረጎራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ይሄ ቀለሙ ደህና ነው፣ ቅርጹ ነው የጠፋው።»

«በመስታወትሽ የማይታይ ትል ቢኖርስ?» አልኳት።

«ሊኖር ይችላል» አለች ሳትወድ። ከዚያ ፊቷን ጨምደድ አድርጋ ጥምዝ ያለውን ቅጠል በሁለት ጣቷ መካከል አሽከረከረችው። ይህን አያያዝ አውቀዋለሁ፤ የእህቴን ፀጉር እንዲህ ይዛ «ማነው በኬሚካል ያቃጠለሽ?» ብላታለች። እህቴ ልትዋሽ ሞክራ አልቻለችም።

«ይሄ የተፈጥሮ ጥቅልል አይደለም» አለች። «የተቃጠለ ጥቅልል ነው። ኬሚካል ነክቶታል።»

«መቼ?»

«እሱ ቀላል ነው። ፀጉር መዋሸት አይችልም። ከሥሩ ያለው የዚህ ወር ነው፣ መሃሉ የዚያን ጊዜ ነው፣ ጫፉ የድሮ ነው። ይሄ የተበላሸው የት ላይ ነው? ጫፉ ላይ። እንግዲህ ነገሩ የቆየ ነው። አጥሩ ኖራ የተቀባ ጊዜ ነው።» መስታወቱን ፎጣው ላይ ጣለችው። «ያ ሽማግሌ ነው የጨረሰኝ።»

ኖራውን የቀባው ጥበቃው ነበር። ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ በሩ ሥር ተቀምጦ ሳለ ድምፅዋ ከእሷ ቀድሞ ደረሰው። እጁን አልጠበቀም፣ ዓይኑ ፈዟል፣ ብሩሽ ሳይሆን አካፋ ነበር መያዝ ያለበት፣ ከንግዲህ ቃሪያ የሚባል ነገር በሕልሙም አያይም፤ ይህንና ይህን የመሰለ ነገር አወረደችበት። መስኮት የሌለው ሰው ሳይቀር ሰማ። ሽማግሌው እስክትጨርስ ጠበቀ። የሬዲዮኑን ድምፅ እንኳ አልቀነሰም።

ሲበቃት ተነሳና እኔንም እሷንም አስከትሎ ወደ ገንዳዎቹ ሄደ። ከታች ካሉት ሰፋፊ ቅጠሎች አንዱን በእጁ ቀና አደረገ። ላዩ ላይ የደረቁ ነጫጭ ነጠብጣቦች ነበሩ።

«ይኸውልሽ ኖራዬ» አለ። «ነካክቷቸዋል፣ አልዋሽም። ግን የነካቸው ደህና ናቸው። የተጣመሙት ላይ አንድም ነጠብጣብ ካለ አሳዪኝ። ያኔ አልተወለዱም፣ እትዬ።»

እትዬ ካስክ ዝም ስትል ከሕንፃው ጀርባ የታንከሩ ጠብታ ይሰማል ለካ። መስታወቱን አንስታ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች አየች። ነጠብጣብ ያለው ሁሉ ልሙጥ፣ ነጠብጣብ የሌለው ሁሉ ጥምዝ።

«የዚህ ፀጉር ሥሩ አናቱ ላይ ነው በለኛ» አለች ቀስ ብላ። «አዲሱ ከላይ ነው የሚበቅለው። ገልብጬ ነው ያነበብኩት።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አንተስ ገና ስጀምር ለምን አልነገርከኝም?»

«ተንፍሰሽ እንድትጨርሺ ብዬ ነው።»

ይቅርታ አልጠየቀችም። ፎጣውን ከእጄ ነጥቃ አጠፈችውና «ስለዚህ ነገሩ የቅርብ ነው» አለች። «ከኖራው ወዲህ። ምን መጣ ከኖራው ወዲህ?»

«መኪናው» አለ ሽማግሌው።

«መኪና ቅጠል አይጠቀልልም።»

«መኪናው የሚገባበት መንገድ ላይ ግን አረም ነበር» አለ። «ሊቀመንበሩ ሊቀመንበሩ በመድኃኒት አደረቀው። መርጫውን በጀርባው አዝሎ ራሱ ነው የረጨው። ተው ልርዳህ ብዬው ‹አንተ አትችለውም› አለኝ።»

«መቼ ነው?»

ሽማግሌው ጭንቅላቱን አከከ። እኔ ግን አስታወስኩ፤ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ነው እናቴ የወለደችኝ። ያ ቀን ንፋሱ ልብስ ከገመድ ላይ እየገፈፈ የወሰደበት፣ የሊቀመንበሩ ባለቤት ሮዝ የሌሊት ልብስ ከበረንዳዋ ተነስቶ አጥሩ ላይ የተሰቀለበት ቀን ነው። በሕንፃችን ያን ቀን የሚረሳ ሰው የለም። ልብሱን ለማውረድ መሰላል ሲፈለግ ወንዱ ሁሉ በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ነበር።

«አጥሩ ላይ የት ጋ?» አለች እትዬ ካስክ።

ሦስታችንም ቀና አልን። የመጀመሪያው ገንዳ ትክክል አናት ላይ ነበር። እሱ ላይ ያለው ቃሪያ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቅጠል ሳይሆን የተቋጠረ ክር ይመስላል። ከታንከሩ ጀርባ የተጠለለው ገንዳ ግን ምንም አልሆነም። እሷ በጣቷ አየሩ ላይ መስመር አሰመረች፤ ከመኪናው መንገድ ተነስታ በጽጌረዳው በኩል አልፋ፣ የሌሊት ልብሱን መንገድ ተከትላ፣ አጥሩ ላይ ደረሰች።

ከዚያ ሳቀች። ያን ሳቅ ስሰማ ለሊቀመንበሩ አዘንኩለት ብል ውሸት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሊቀመንበሩ ዶማ የያዘ የቀን ሠራተኛ አስከትሎ መጣ። ከኋላው ነዋሪው አለ፤ አንዳንዱ ወንበር ይዞ ነው የመጣው። እትዬ ካስክ ቀድማቸው የድሮ የፀጉር ቤት ወንበሯን አስወርዳ ገንዳዎቹ ፊት ተቀምጣለች። ወንበሩ በእግር እየተረገጠ ከፍና ዝቅ የሚል ዓይነት ነው፤ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጋዋለች። ትከሻዋ ላይ ፎጣ፣ እጇ ላይ መቀስ።

«ይነሱ እባክዎ» አላት።

«ተራህን ጠብቅ።»

ሳቅ ሆነ። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «የኮሚቴው ውሳኔ ነው። በሽታው ተላላፊ መሆኑ ተረጋግጧል።»

«በምን ተረጋገጠ?»

«ነገርኩ እኮ፤ ከእርስዎ ቃሪያ ተነስቶ የኛን ጽጌረዳ ይዟል።»

«እሺ፣ ስማኝ» አለች፤ ባንሰማ ነበር የሚገርመው። «ሁለት ሴቶች እኔ ዘንድ ቢመጡ። አይዛመዱም፣ አይተዋወቁም። የሁለቱም ፀጉር በአንድ ሳምንት ተቃጥሏል። ‹እናታችሁ ማን ናት?› ብዬ አልጠይቅም፤ ‹ፀጉራችሁን የት ተሠራችሁ?› ነው የምለው። ቃሪያና ጽጌረዳ ዝምድና የላቸውም። ሁለቱንም ያገኛቸው አንድ ንፋስ ነው። አረም ማጥፊያህን የረጨህ ቀን የነበረው ንፋስ።»

የሊቀመንበሩ ፊት ደም መሰለ። «የኔ መድኃኒት አረም ብቻ ነው የሚገድለው። ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።»

«ንፋሱ ማንበብ አይችልማ።»

«ንፋሱ ወደዚህ መንፈሱን በምን ያውቃሉ?»

እትዬ ካስክ ቀስ ብላ በመቀሷ አጥሩን አሳየች። የመሰላሉ ምልክት ኖራው ላይ አሁንም አለ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ዶማ የያዘው ሰው ምኑም ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

«ይሄ ማስረጃ አይደለም» አለ ሊቀመንበሩ። «ውሳኔ ውሳኔ ነው። ንቀል አንተ።»

ሰውየው ዶማውን አነሳ። እትዬ ካስክ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ እግሯን ዘርግታ የመጀመሪያው ገንዳ ላይ አሳረፈች። «ንቀል» አለችው። «ግን በቅደም ተከተል ነው። ተላላፊ ነው ካላችሁ ከጽጌረዳው ጀምር። እኔን ነቅላችሁ እሱን ልትተዉት ነው? ነገ ተመልሶ ሊያስይዘኝ?»

ሰውየው ወደ ጽጌረዳው አየ፤ ሕዝቡም አየ። እዚያ በረንዳ ላይ የሊቀመንበሩ ባለቤት ቆማለች። ጽጌረዳውን የተከለችላት እናቷ ናት፤ በሞተችበት ዓመት። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ባሏም ማወቅ ነበረበት።

«ጽጌረዳዬን ማን ነው የሚነቅለው?» አለች።

«ኮሚቴው…» አለ ባሏ።

«ኮሚቴው ዛሬ የት ሊያድር ነው?»

ከዚህ በኋላ ስብሰባው ስብሰባ አልሆነም። ዶማ የያዘው ሰው ዶማውን መሬት ላይ አስደግፎ ዳር ቆመ። ሊቀመንበሩ አንዴ ሚስቱን፣ አንዴ መኪናውን ያያል።

እትዬ ካስክ ያን ጊዜ ነው ከወንበሯ የወረደችው። «እኔ ምሕረት አልለመንኩም» አለች። «የተቃጠለ ፀጉር አይታከምም፤ ይቆረጥና አዲሱ ይጠበቃል። ጥምዙን ሁሉ እቆርጣለሁ። አዲሱ ቅጠል ልሙጥ ሆኖ ከመጣ መርዝ ነበር፣ አልፏል። ጥምዝ ሆኖ ከመጣ በሽታ ነው፤ በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ፣ መኪናህንም ራሴ እየገፋሁ አስገባልሃለሁ። እስከዚያ ግን ማንም ገንዳዬን እንዳይነካ።»

እጅ ይውጣ ተባለ። የሊቀመንበሩ ባለቤት ሁለቱንም እጇን አወጣች።

እዚያው ፊታችን ቆረጠች። መቀሱን በአልኮል እየጠረገች፣ እያንዳንዱን ጥምዝ ቀንበጥ ከጤነኛው ቅጠል በላይ ቀነጠበችው። የተንጠለጠሉትን ቃሪያዎች ሁሉ ለቀመችና በላስቲክ ቋጥራ እንዲጥላቸው ለጥበቃው ሰጠች፤ «መርዝ የጠጣ ቃሪያ ለጠላቴም አልሰጥም» አለች፤ የት እያየች እንደነበር መናገር አያስፈልግም። ለሊቀመንበሩ ሚስትም የጽጌረዳዋን ቅርንጫፍ እንዲሁ አድርጋ ቆረጠችላት። ሊቀመንበሩ የገዛ በረንዳው ላይ ቆሞ መንገድ ለቀቀላት።

መጠበቁ ነበር ክፉው። ያ ሁሉ ጩኸት ጠፍቶ፣ ጠዋት ጠዋት ደረጃውን በጎኗ እየወረደች፣ መስታወቷን ይዛ ገንዳዎቹ ላይ ስታንዣብብ እናያታለን። ሊቀመንበሩም ቡና ጠጥቶ ሲወጣ ያለ ምክንያት በዚያ በኩል ይዞራል። አይነጋገሩም። እኔ ወሬ ይዤ ብሄድ እንኳ አትሰማኝም ነበር፤ ያን ጊዜ ነው ነገሩ ምን ያህል እንደከበዳት የገባኝ። ከእነዚያ ገንዳዎች ሌላ ከፀጉር ቤቷ የቀራት ነገር የለም። እነሱ ከተነሱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አሮጊት ብቻ ናት፤ «እርስዎ» የምትባል።

መጀመሪያ የተገለጠው ጽጌረዳው ነው። ቀይ ቀይ የሚል ልሙጥ ለጋ አወጣ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከጀርባ በኩል ድምፅዋ ሕንፃውን ሰነጠቀው፤ ስሜን፣ የጥበቃውን ስም፣ የማን እንደሆነ ያላወቅኩትን ስም ሁሉ ጠራች። ሮጥን። ከተቆረጡት ቃሪያዎች ከአንዱ ብብት አዲስ ቅጠል ወጥቷል። ትንሽ፣ ሰፊ፣ እንደተተኮሰ ጨርቅ ልሙጥ። ሌሎቹም ተከተሉት።

የመጀመሪያው ገንዳ ግን አልተከተለም። ከሌሊት ልብሱ ሥር የነበረው። እሱ ያወጣው ሁሉ አሁንም ክር ነው፤ መርዙን ጠግቦ ነበር የጠጣው። በሽታ አለመሆኑን እሷም እኛም እናውቃለን፤ የሌሎቹ ልሙጥ መሆን በቂ ነበር። ግን ሊቀመንበሩ በዚያ ሲያልፍ አስቆመችው። ፊት ለፊቱ ግንዱን ጨብጣ በአንድ ትንፋሽ ከነሥሩ መዘዘችው።

«‹ጥምዝ ከሆነ በእጄ እነቅላለሁ› ብዬ ነበር» አለች። «የኔ ቃል ይኸው። ያንተስ?»

«ገንዳው ባዶ ከሆነ…» ብሎ ጀመረ።

«አፈሩን ደፍቼ አዲስ እሞላዋለሁ። ባዶ አይሆንም። እኔ እስካለሁ እዚህ ባዶ የሚሆን ነገር የለም።»

በዚያው ሰሞን የጥበቃውን ሽማግሌ በስንት ጭቅጭቅ ያ ከፍና ዝቅ የሚለው ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ፎጣ አንገቱ ላይ አሰረችና ጆሮውን ሸፍኖት የነበረውን ሽበት አስተካከለችለት። ስትጨርስ መስታወቱን ሰጠችው፤ ጉንጩ ሥር የነበረ የኖራ ነጠብጣብ እንኳ ጠርጋለታለች። ይቅርታ ማለት ለማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

የመኪናው አፍንጫ አሁንም መንገድ ላይ ነው። አረሙም ተመልሶ በቅሏል፤ አረም ኮሚቴ አይፈራም። ባለፈው ሊቀመንበሩ መርጫውን አዝሎ፣ መርጨቱን ከመጀመሩ በፊት መንገዱ መሃል ቆሞ ጣቱን በምራቁ አርሶ ሽቅብ ዘረጋ። ወዲያው ከአራተኛ ፎቅ መስኮት ድምፅ ወረደ።

«ገና ነው።»

ሊቀመንበሩ ቀና አላለም። መርጫውን እንዳዘለ ወደ በረንዳው ተመለሰና ከጽጌረዳው አጠገብ ተቀምጦ ንፋሱ እስኪያልፍ ጠበቀ።